«እገሌ የቀዳበት» ሬቮክስ ኤ77፦ ድሬዳዋና ሐረር ላይ ለሚገዛ ሰው

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ወይም ሐረር ጁገል ካሉ የአሮጌ ዕቃ ሻጮች ዘንድ ባለሪል ቴፕ፣ ማለትም ሪል ላይ በተጠቀለለ ክር ድምፅ የሚቀዳና የሚያጫውት ማሽን፣ ሲገኝ የተለመደ ነገር አለ። ገዢው ዋጋ ሰምቶ ሲያቅማማ ከዋጋው አይቀነስለትም፤ ስም ይጨመርለታል። «አቦ፣ ይሄ እኮ እገሌ የቀዳበት ነው!» ከዚያ በኋላ ክርክሩ ስለ ማሽኑ መሆኑ ይቀርና ስለ ዘፋኙ ይሆናል።

ይህ ግምገማ ሁለቱን ለይቶ ያያል። ስለ ማሽኑ፣ ማለትም ስለ ሬቮክስ ኤ77፣ ያለን አስተያየት ጥሩ ነው፤ ተመርምሮ ከተገዛ ገንዘቡን ያወጣል። ስለ ስሙ ግን የምንለው ብዙ ነው።

ኤ77 የስዊዘርላንድ ሥራ ነው። ለትልልቅ ስቱዲዮዎች ማሽን የሚሠራው ስቱደር፣ ለቤትና ለትንሽ ስቱዲዮ ብሎ ሬቮክስ በሚል ስም ያወጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ገበያ ላይ ዋለ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ቢ77 ተተካበት። ክብደቱ 15 ኪሎ ገደማ ነው። እስከ 26.5 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ትልቅ ሪል ይይዛል፤ የተለመደው ዓይነት በሁለት ፍጥነት ይሄዳል፣ በሰከንድ 9.5 እና 19 ሴንቲ ሜትር።

ለድሬ ሰው ዋናው ነገር ሦስት ሞተር ያለው መሆኑ ነው። ሁለቱ ሪሎቹን ያዞራሉ፤ ሦስተኛው ክሩን የሚጎትተውን ዘንግ በቀጥታ ያዞራል። በመሐል የጎማ ቀበቶ የለም። ባለቀበቶ ቴፕ በቆላ ሙቀት ሃያና ሠላሳ ዓመት ተዘግቶ ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን ክዳኑን የከፈተ ያውቀዋል፦ ቀበቶው ቀልጦ እንደ ሬንጅ መዘውሩ ላይ ተለጥፎ ይገኛል። ልኩ ተፈልጎ እስኪተካ፣ ጥቁሩ ጎማ በአልኮል ተፍቆ እስኪያልቅ ቀኑ ይመሻል። ኤ77 ላይ ሙቀት የሚጎዳው ዋና ጎማ አንድ ብቻ ነው፤ ክሩን ከዘንጉ ጋር የሚያጣብቀው ሮለር።

ሁለተኛው ጥቅም ከመብራት ጋር የተያያዘ ነው። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ ነው። ብዙ አሮጌ ቴፖች ፍጥነታቸውን የሚወስዱት ከመብራቱ ሄርዝ ስለሆነ፣ ለአሜሪካ 60 ሄርዝ የተሠራ ማሽን በትራንስፎርመር ቮልቴጁ ቢስተካከልለት እንኳ እዚህ ከ16 በመቶ በላይ ይዘገያል። ዘፈኑ በሦስት ሴሚቶን (ግማሽ ቃና) ወርዶ የሴቷ ድምፅ የጎረምሳ ይሆናል። ሻጩ «ሞተሩ ደክሞ ነው፣ ዘይት ይፈልጋል» ይላል። ዘይት አይፈልግም፤ አገሩን ነው የሚፈልገው። ኤ77 የሚጎትተውን ሞተር ፍጥነት በራሱ ኤሌክትሮኒክስ ስለሚቆጣጠር ይህ ችግር አይነካውም። ከኋላው ያለው የቮልቴጅ መምረጫም ከ110 እስከ 250 ስለሚደርስ ከጅቡቲም ሆነ ከአውሮፓ የመጣውን እዚሁ ማስተካከል ይቻላል። መምረጫው ሲዞር ፊውዙም አብሮ መቀየር አለበት፤ ይህን የሚረሳ ብዙ ነው።

ደካማ ጎኑስ? በመጀመሪያ ካፓሲተሮቹ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ለአፍታ የሚያጠራቅሙት ትንንሽ ክፍሎች፣ ናቸው። ውስጡ ሪፋ የሚባሉ፣ ቢጫ አሳላፊ ሽፋን ያላቸው የወረቀት ካፓሲተሮች አሉ። ሽፋኑ በዕድሜ ብዛት ይሰነጣጠቃል፣ እርጥበት ይገባበታል፤ ከዓመታት በኋላ ሶኬት ሲሰካ ይፈነዳና ቤቱን በሚከረፋ ጭስ ይሞላዋል። ማሽኑ ሞተ ማለት አይደለም፤ ኤክስ2 በሚባለው፣ ለመብራት መስመር በተሠራው ደረጃ ባለ አዲስ ካፓሲተር ይተካል። ሆኖም «አሁን ሰክተን እናሳይህ» ሲሏችሁ ለዓመታት ያልተነካ ማሽን በቀጥታ እንዲሰኩት አትፍቀዱ። መብራቱ ወደ ማሽኑ የሚደርሰው በአምፖል ውስጥ አልፎ እንዲሆን፣ ባለ 100 ዋት የድሮ አምፖል ገመዱ ላይ በተከታታይ (በሲሪዝ) ይግባበት። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው፤ በሙሉ ብርሃን በርቶ ከቀረ ውስጡ ሾርት አለ፣ ንቀሉት። ይህችን ገመድ አዘጋጅቶ የያዘ ጠጋኝ ቀፊራ አካባቢም ሆነ ከዚራ አይጠፋም፤ ከሌለው ሌላ ጠጋኝ ፈልጉ።

ቀጥሎ የኤሌክትሮኒክስ ካርዶቹ ላይ ያሉት ትንንሽ ማስተካከያዎች አሉ። አቧራና ዝገት ሲይዛቸው አንደኛው ቻናል ይጠፋል፣ ድምፁ ይንኮሻኮሻል፣ አንዳንዴም ማሽኑ ፍጥነቱን መቆጣጠር አቅቶት ይሮጣል። የሚሮጥ ኤ77 ያየ ሰው ሞተሩ ተቃጥሏል ብሎ ይሸሻል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ጉዳቱ ያለው ፍጥነት መቆጣጠሪያው ካርድ ላይ ነው። የመደራደሪያ ነጥብም የሚሆነው እንዲህ ያለው ብልሽት ነው፦ የሚያስፈራ ግን በርካሽ የሚጠገን።

ሦስተኛው ድክመት የአሠራሩ ነው፤ ጠጋኝ አያድነውም። ኤ77 ሪሎቹ መቆማቸውን አያውቅም። በፍጥነት እየጠቀለለ ሳለ ማጫወቻው ከተጫነ ሳይቆም ለማጫወት ይሞክርና ክሩን ይለጥጠዋል ወይም ይበጥሰዋል። ሁልጊዜ መጀመሪያ ማቆሚያውን መጫን፣ ሪሎቹ ሙሉ በሙሉ እስኪቆሙ መጠበቅ፣ ከዚያ ማጫወት ነው። በኋላ የመጣው ቢ77 ይህን ራሱ ያደርገዋል። የሟች ወላጆቹን የሠርግ ቅጂ ለማዳን የሚገዛ ሰው ስለዚህ ልዩነት ሁለት ጊዜ ያስብ።

ገበያው ላይ ስትደርሱ በጠዋት ድረሱ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት በኋላ ድሬ ሱቋን ዘግታ ጥላ ፍለጋ ትገባለች፤ በርጫ ላይ የተቀመጠን ሻጭ «ክዳኑን ፍታልኝ» ማለትም አያዋጣም። ይዛችሁ የምትሄዱት፦ ቴስተር፣ የእጅ ባትሪ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ብትችሉ 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አልኮል፣ ባዶ ሪል፣ የምትቀዱበት ባዶ ክር፣ እና ይዘቱን የምታውቁት ክር። ክሩ ላይ የፒያኖ ወይም የኪቦርድ ረጅም ኖታ ቢኖር ይመረጣል፤ የፍጥነት መንቀጥቀጥ ወዲያው ይሰማበታል። የመሰንቆ ቅጂ አይሆንም። መሰንቆ ራሱ ስለሚርገበገብ ጥፋቱ የማሽኑ ይሁን የባለ መሰንቆው መለየት ያስቸግራል።

መጀመሪያ ሄዶቹን፣ ማለትም ክሩ እየነካቸው ሲያልፍ ድምፁን የሚቀዱትንና የሚያነቡትን ክፍሎች፣ እዩ። ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ በአልኮል ካጸዳችኋቸው በኋላ ጥፍራችሁን ከላይ ወደ ታች በቀስታ አሳልፉ። ክሩ በሚያልፍበት ጠርዝ ላይ ጥፍር የሚይዝ ደረጃ ካለ ሄዱ ተበልቷል። የሄድ ዋጋና የማግኘቱ ጣጣ ከሌላው ጥገና ሁሉ ስለሚበልጥ፣ እንዲህ ያለው ማሽን መከፈል ያለበት የመለዋወጫ ዋጋ ብቻ ነው። ሮለሩ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭና የደረቀ ከሆነ ክሩ ወደ ላይና ወደ ታች ይንሸራተታል። እሱን በውኃና በለስላሳ ሳሙና እንጂ በአልኮል አታጽዱት፤ አልኮል ጎማውን ይብስ ያደርቀዋል።

ፍጥነቱን ለመለካት መሣሪያ አያስፈልግም። በማይፈለግ ክር ላይ 5 ሜትር ከ72 ሴንቲ ሜትር ለክታችሁ ሁለቱን ጫፍ በነጭ እርሳስ ምልክት አድርጉ። በ19 ፍጥነት ሁለቱ ምልክቶች በሄዱ ፊት ለማለፍ 30 ሰከንድ መውሰድ አለባቸው። ግማሽ ሰከንድ ከሳተ ስሕተቱ ከአንድ ተኩል በመቶ በላይ ነው፤ ጆሮ ያለው ሰው ይሰማዋል።

ከዚያ ቅዱበት። ኤ77 ማጥፊያ፣ መቅጃና ማጫወቻ ሄዱ የተለያየ ስለሆነ እየቀዳ ሳለ የሚገባውን ድምፅና ክሩ ላይ የሰፈረውን በአንድ መቀየሪያ እያፈራረቁ መስማት ይቻላል። ሁለቱ ሊቀራረቡ ይገባል። የክሩ ድምፅ በጨርቅ እንደ ተሸፈነ ከደነዘ ሄዱ ቆሽሿል፣ ተበልቷል ወይም አቀማመጡ ዞሯል። የመጀመሪያው ነጻ ነው፣ ሦስተኛው ርካሽ ነው፣ መካከለኛው ያከስራል።

እንግዲህ ወደ ስሙ። ስም ዋጋ አያመጣም አንልም፤ ያመጣል። የእንግሊዙ ሮክ ባንድ ፒንክ ፍሎይድ እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣውን «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» አልበም የቀዱበት የለንደኑ አቤይ ሮድ ስቱዲዮ ሚክሰር፣ ኢኤምአይ ቲጂ12345፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ኒው ዮርክ ላይ በቦናምስ ጨረታ 1.8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሸጧል። ይሁንና ያን ገንዘብ ያመጣው «እገሌ ነካው» የሚል ወሬ አይደለም። ኢኤምአይ ይህን ሚክሰር ለራሱ ስቱዲዮዎች ብቻ ስለሠራው ቁጥሩ በጣም ጥቂት ነው፤ ከየትኛው ክፍል በየትኛው ዓመት እንደ ቆመ ይታወቃል፤ ፎቶ አለ።

ያለ ስምም የሚወደድ ዕቃ አለ። ኖይማን ዩ47 ማይክሮፎን ውስጥ ያለው ድምፅ የሚያጎላ የቴሌፉንከን ቪኤፍ14 የቫኪዩም አምፖል መመረት ካቆመ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። አምፖሉ በሕይወት ያለ ዩ47 ማንም ያልዘፈነበት ቢሆን እንኳ ውድ ነው፣ ምክንያቱም ዛሬም ይሠራል፣ ምትኩም የለም። በተቃራኒው አሜሪካዊው ዘፋኝ ብሩስ ስፕሪንግስቲን እ.ኤ.አ. በ1982 «ኔብራስካ» የተባለውን አልበም የቀዳው ቤቱ ውስጥ በታስካም ፖርታስቱዲዮ 144 የካሴት ማሽንና በሁለት ሹር ኤስኤም57 ማይክሮፎን ነው። ሁለቱም በዘመኑ ከሱቅ የሚገዙ ተራ ዕቃዎች ነበሩ። ታሪኩ ያለው በእርሱ ማሽን ላይ ነው፤ ወንድሞቹ የሚያገኙት ከማዕዱ የወደቀ ፍርፋሪ ነው።

ኤ77 እንደ ፖርታስቱዲዮው ከተራዎቹ ወገን ነው። እንግሊዛውያኑ ሙዚቀኞች ሮበርት ፍሪፕና ብራያን ኢኖ እ.ኤ.አ. በ1972 ሁለት ኤ77 ጎን ለጎን አቁመው፣ አንዱ የቀዳውን ክር ሌላው እያጫወተ ድምፁ በድምፅ ላይ እንዲደራረብ አድርገው ሠርተውበታል። ይህ ዝና በመላው ዓለም የኤ77 ዋጋ ውስጥ አስቀድሞ ተካቷል። በመቶ ሺዎች የተመረተ ማሽን ስለሆነ ግን ዋጋውን የሚወስነው ሁኔታው ነው፤ አውሮፓ ላይ በባለሙያ የታደሰው በመቶዎች ዩሮ ሲሸጥ ያልተነካው ከዚያ በብዙ ይወርዳል። እዚህ አንድ ሻጭ ስለ ታዋቂነቱ ብቻ ከዚያ በላይ ሲጠራ ለአንድ ዝና ሁለት ጊዜ እያስከፈላችሁ ነው።

የአገር ውስጥ ስም ሲነሣ ነገሩ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል፣ ስሜት ስለሚገባበት። ዘፋኙ አሊ ቢራ የድሬዳዋ ልጅ ነው፤ አፍራን ቀሎም በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) እዚሁ ከተማ የተመሠረተ የሙዚቃ ቡድን ነው። አሊ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ካረፈ ወዲህ ስሙን ከዕቃ ጋር ማያያዝ ለሻጭ ቀላል ነው። እንግዲህ አንድ ሰው «አፍራን ቀሎ የመጀመሪያ ዘፈኖቻቸውን የቀዱበት ነው» ብሎ ኤ77 ቢያመጣላችሁ ዓመቱን ብቻ ቁጠሩ፦ ማሽኑ የወጣው በ1967 ነው። ቡድኑ ሲጀምር ኤ77 ገና አልተወለደም። በፖርታስቱዲዮ 144ም እንዲሁ፤ እሱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1979 ስለሆነ ከዚያ በፊት የተቀዳ ዘፈን ሊቀዳበት አይችልም።

የማሽኑን ዕድሜ ለማወቅ ክዳኑን ክፈቱ። ብዙ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች ላይ አራት አኃዝ ታትሞ ይገኛል፤ 7423 ካለ እ.ኤ.አ. የ1974 ሃያ ሦስተኛ ሳምንት ማለት ነው። ከብዙዎቹ ክፍሎች ላይ የሚነበበው ቀን ከዘፈኑ በኋላ ከሆነ ታሪኩ ወደቀ። አንድ ክፍል ብቻ ከሌሎቹ ዘግይቶ ከተገኘ ግን አትፍረዱ፤ ተቀይሮ ይሆናል፣ ብየዳው አዲስ መሆኑን እዩ።

ዓመቱ ቢገጥምስ? ያን ጊዜም ወረቀት ይጠየቃል። ከኋላ ያለው መለያ ቁጥር የተጻፈበት ደረሰኝ ወይም የጉምሩክ ሰነድ፣ ማሽኑ ከሙዚቀኛው ጋር የሚታይበት የዘመኑ ፎቶ፣ ከእጅ ወደ እጅ እንዴት እንደ ተላለፈ የሚገልጽ የቤተሰብ ደብዳቤ። ፎቶው ላይ ሞዴሉ አንድ ዓይነት መሆኑ አይበቃም፤ ጭረት፣ የጎደለ ቁልፍ፣ የተሰነጠቀ ጠርዝ፣ ማሽኑን ከመሰሎቹ የሚለይ ነገር መግጠም አለበት። ክዳን ላይ በማርከር የተፈረመ ፊርማም አለ። ፊርማው እውነተኛ ቢሆን እንኳ የሚያረጋግጠው ሰውየው ማርከር መያዙን ነው፤ መቅዳቱን አይደለም። ወረቀት ከሌለ ለስሙ ጭማሪ ዜሮ ነው። ትንሽ እንኳ አትጨምሩ፣ ስትሸጡት ቀጣዩ ገዢ ያንኑ ወረቀት ይጠይቃችኋልና።

ወረቀቱ ተሟልቶ ከተገኘ ደግሞ አያያዙ ይገለበጣል። ስም የሌለው ማሽን ካፓሲተሩ ሁሉ ይቀየር፣ ይታጠብ፣ ይታደስ። ባለታሪኩ ግን አይቀባ፣ አይወልወል፤ የሚቀየር ካለም አሮጌው ክፍል በላስቲክ ታሽጎ ከማሽኑ ጋር ይቀመጥ። ወደ ውጭ ለመላክ የሚያስብ ሰውም የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ን አስቀድሞ ያንብብ። እውነተኛ ታሪካዊ ዕቃ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፤ «ታሪካዊ ነው» ብሎ ሸጦ «ተራ ዕቃ ነው» ብሎ ማሳለፍ ደግሞ የትም አያደርስም።

አሁን ብዙ ገዢ ወደሚስተው ነገር እንምጣ። ከማሽኑ ጋር «ምርቃት ነው» ተብሎ በፌስታል የሚሰጠው ክር። ማሽኑ አውሮፓ ውስጥ መቶ ሺህ ወንድም አለው። በ1960ዎቹ በድሬዳዋ መጋላ ሰፈር ሠርግ ላይ የተቀዳ ክር ግን ሌላ ቅጂ ላይኖረው ይችላል። ክሩ ምን እንደ ያዘ ሳትሰሙ ማሽኑን ለመፈተን ብላችሁ አትቅዱበት። ይህን ስሕተት የሚሠራው ሻጩ ራሱ ነው፦ ማሽኑ መቅዳቱን ለማሳየት ከፌስታሉ አንዱን ያወጣና «ሄሎ፣ ሄሎ» ይልበታል። ባዶ ክር ይዛችሁ ሂዱ ያልነው ለዚህም ነው።

ክሩ የተሠራበት ፕላስቲክ አሲቴት ይሁን ፖሊስተር ለማወቅ ሪሉን ወደ ብርሃን አንሡት። የተጠቀለለው ክር ብርሃን ካሳለፈ አሲቴት ነው፤ በቀላሉ ይበጠሳል፣ እየተበላሸ ከሆነም የኮምጣጤ ሽታ አለው። ያልተለጠጠ ብጥስ ስለሆነ መቀጠል ይቻላል። ፖሊስተር ብርሃን አያሳልፍም፣ ሲጎተትም ይለጠጣል። ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ወዲህ ከተሠሩ ክሮች ውስጥ አንዳንዶቹ፣ በተለይ አምፔክስ 456፣ ማጣበቂያቸው እርጥበት ጠጥቶ ሄድ ላይ ይለጠፋሉ፤ ሲጫወቱ ይጮኻሉ። እነዚህን በ54 ዲግሪ ገደማ ለስምንት ሰዓት ያህል አድርቆ ወዲያው መገልበጥ የታወቀ ዘዴ ነው፤ ሙቀቱ ግን በሚቆጣጠር መሣሪያ መሆን አለበት። የድሬ ፀሐይ አይተካውም፣ የእንጀራ ምጣድማ ጭራሽ። አሲቴት ደግሞ ፈጽሞ አይሞቅም።

የቤት ቅጂዎች ብዙ ጊዜ በዝግተኛ ፍጥነት፣ በአንድ ቻናል፣ ክሩን ለመቆጠብ በሁለቱም ፊት የተቀዱ ናቸው። ትራክ ክሩ ላይ ድምፁ የሚሰፍርበት መስመር ነው፤ ባለሁለት ትራክ ኤ77 በባለአራት ትራክ ማሽን በሁለቱም ፊት የተቀዳ ክር ሲያጫውት ከዘፈኑ ጋር ወደ ኋላ የሚሄድ ሌላ ዘፈን ይሰማል። ማሽኑ አልተበላሸም፤ ሄዱ ሰፊ ሆኖ የሌላውን ፊት እያነበበ ነው። የድሮ የቤተሰብ ክር ለመገልበጥ የሚፈልግ ሰው ስለዚህ ባለአራት ትራኩን ይምረጥ፤ ስቱዲዮ የሚፈልግ ባለሁለቱን። በ4.75 የተቀዳ ካለ ተራው ኤ77 ይህ ፍጥነት ስለሌለው በ9.5 አጫውቶ ኮምፒዩተር ላይ በግማሽ ማዘግየት ነው፤ የቃናው ሚዛን ስለሚዛባ እሱም እዚያው ይስተካከላል።

ስትገለብጡ በ24 ቢትና በ96 ኪሎ ሄርዝ፣ በዌቭ ፋይል አድርጉት። አንድ ሰዓት ስቴሪዮ ሁለት ጊጋባይት ያህል ይይዛል፤ በ9.5 የሚሄድ 1100 ሜትር ትልቅ ሪል በአንድ አቅጣጫ ሦስት ሰዓት ከሩብ ገደማ ስለሚፈጅ ቦታ አስቀድማችሁ አስቡ። ኤምፒ3 ለስልክ ይሁን፣ ለማኅደር አይሁን። ይዘቱ የሐረሪ ዘፈን ከሆነ ጁገል ውስጥ በቀድሞው የራስ ተፈሪ ቤት ያለውን የሸሪፍ ሙዚየም ሳያማክሩ ማለፍ ጥፋት ነው።

ማሽኑን ከሐረር ወደ ድሬ የምታወርዱ ከሆነ ሪሎቹን አውጡ፣ ሜትሮቹ ያሉበትን ፊት በብርድ ልብስ ሸፍኑ፣ ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ አታስጭኑት። የደንገጎ ጠመዝማዛ 15 ኪሎ ብረት ያለውን ማሽን ከገመዱ ያላቅቀዋል። ለሁለት ሰው መክፈልና አጠገባችሁ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ይረክሳል።

ክሮቹ ደግሞ ለየብቻ፣ ከድምፅ ማጉያ ርቀው፣ እንደ መጽሐፍ በቁማቸው ይሁኑ። ካጫወታችሁ በኋላ ወደ መጀመሪያው በፍጥነት አትመልሷቸው፤ በዝግታ የተጠቀለለው እኩል ስለሚሆን እንዳለቀ ይቀመጥ። ካርቶኑ ላይ በእርሳስ ፍጥነቱን፣ የትራኩን ዓይነት፣ የሚሰማውን ድምፅና ጫፉ መጨረሻው መሆኑን ጻፉ። የድሮ ጽሑፍ ካለ አትፋቁት፣ ቢሳሳትም እንኳ፤ የእናንተን ከጎኑ ጨምሩ።